ትንሽ ይጥቆር

ሙሽራ ይንጣ፣ ሟች ፈገግ ይበል፣ ሕመምተኛ ይጥቆር።

የባነር ማተሚያ ቤቱን ሕግ ያወጣው ባለቤቱ ነው፤ ያጸደቀለት ደግሞ ገበያው። ሰውየውን «ሜትሮ» ይሉታል፤ በዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ በካሬ ሜትር ስለሚያስብ። ደስታ በካሬ ይህን ያህል፣ ሐዘን በካሬ ይህን ያህል። ለሐዘንተኛ «እኔም ነገ ሟች ነኝ» እያለ ትንሽ ይቀንሳል፤ ቀብዱን ግን ዛሬውኑ ይቀበላል። ነገን ማን አየ!

ሕጉን ሥራ ላይ የምታውለው ኮምፒውተሩ ፊት የምትቀመጠው ልጅ ናት። ሜትሮ «ዶክተር» ይላታል፤ ሰውን በአንድ ጠዋት ስታድንና ስታሳምም ስለሚያይ። ብጉር ታጠፋለች፣ ቦርጭ ትቀንሳለች፣ ተኮራርፈው ለየብቻ ፎቶ የተነሡ ወንድማማቾችን አንድ ሶፋ ላይ አስቀምጣ ታስታርቃለች። የሕመምተኛ ፎቶ ሲመጣ ደግሞ ከዓይኑ ሥር ጥላ ታሳርፋለች፣ ጉንጩን ታጎደጉዳለች፣ ከንፈሩን ታደርቃለች። መንገደኛ እጁን ኪሱ የሚከተው ደህና ለሚመስል ሰው አይደለማ! በዚህ ሥራ እሷን የሚያህል የለም። ከሌላ ሰፈር ድረስ «ያቺ የምታሳምመዋ ልጅ አለች?» እያሉ ይመጡላታል።

በእውነት የታመመባት ግን አባቷ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው፤ እሱ ጡረታ ሳይወጣ ኩላሊቶቹ ቀድመውት ወጡ። በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ተኝቶ ደሙ መታጠብ ነበረበት፤ አቅም ሲያጥር ሁለት ቀን ሆነ፤ አሁን ሁለተኛው ቀንም እየተንገዳገደ ነው። እህቱ አንድ ኩላሊቷን ልትሰጠው ተመርምራ «ይሆናል» ተብላለች። «የቀረው የቀዶ ሕክምናው ወጪ ብቻ ነው» አለ ሐኪሙ፤ ያቺን «ብቻ» ሲናገራት የአውቶቡስ ትኬት አስመሰላት።

ይህን የሚያውቅ ግን ከቤት ውጭ ማንም የለም። አባትየው ለጎረቤቱም ለሥራ ጓደኞቹም «ወገቤን ነው» ብሏል። ለሹፌር የወገብ ሕመም ማዕረግ ነው፤ ኩላሊት ግን ልመና ነው። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በየአጥሩና በየፖሉ የተሰቀሉ የሕመምተኛ ፊቶችን በመሪው ላይ አሻግሮ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። «ፊቴን ሰቅለሽ አላፊ አግዳሚው ከንፈር ከሚመጥልኝ አፈር ይብላኝ!» ብሎ ልጁን አስምሏታል። ምላለች። ስለ መሐላው የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለምትወደው።

የምትወደው የአንዲት መስታወት ነጋዴ ልጅ ነው። እናትየው የከተማውን ፎቅ ሁሉ በመስታወት ያለበሰች፣ ባለ ሦስት መጋዘን ሴት ናት። ልጇ አንድ ቀን የሱቃቸውን ታፔላ ሊያሠራ መጣ። መጀመሪያ ስልክ ቁጥሩ ቀይ ይሁን አለ፤ በማግስቱ ሰማያዊ፤ ከዚያ እንደገና ቀይ። ቀለም ሲያማርጥ ከርሞ በመጨረሻ፣ «እንዲያው ቁጥሩን አንቺ ብትይዢውስ?» አላት። ያዘችው። አባቷ ልጁን ባየው ቀን «መስኮት» ብሎ ሰየመው። «ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ፊቱ ላይ ይታያል» አለ፤ «ይሄ ልጅ መዋሸት ቢፈልግ እንኳ መጋረጃ የለውም።»

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሜትሮ ፍላሽ እያወዛወዘ ገባ።

«ዶክተር! ትልቅ ሥራ! ሦስት በሁለት፣ ለአዳራሽ! ነገ ከሰዓት ይወስዱታል። ሰውየው ለሕመምተኛ ትንሽ ደህና ይመስላል፤ ሴትዮዋ ‘ትንሽ ይጥቆር’ ብለዋል።»

ፋይሉን ከፈተችው። አባቷ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ሳቀባት።

ፎቶውን ታውቀዋለች። መስኮት በስልኩ ያነሣው ነው። መጀመሪያ ቤታቸው በመጣ ዕለት አባቷ ባለ ስንጥቁን መስኮታቸውን እያሳየው፣ «ጥሩ ባለሙያ አመጣሽልን፣ እሱን አስለኪውና ይሂድ» ብሎ በራሱ ቀልድ ሲንከተከት ነበር። እሷ ከጎኑ ቆማ ነበር፤ አሁን ተቆርጣለች። የቀረው የአባቷ ትከሻ ላይ ያረፈ እጇ ብቻ ነው፤ ከአንጓው በላይ ባለቤት የለውም። ከፎቶው ሥር «እህት ኩላሊቷን ሰጠች፤ እኛስ?» የሚል ተጽፏል። ከዚያ በታች፣ ከአባቷ ስም በእጥፍ ገዝፎ፣ የመስታወት ድርጅቱ ዓርማ ተቀምጧል። ዓርማውን የሠራችው ራሷ ናት።

«ምነው ዝም አልሽ? ታውቂዋለሽ እንዴ ሰውየውን?»

«አንድ ሁለቴ በአውቶቡሱ ሄጃለሁ።»

«በይ እንግዲያው ከታሪፍ በላይ ክፈይው፤ አጥቁሪው!» ብሎ ሜትሮ እየሳቀ ወጣ።

ይህ የአባቷ ሳቅ በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር። እሷ የምታምነው ስልክ።

*

መስኮት በመጋዘኑ ጓሮ ባለው መቁረጫ ክፍል ውስጥ ነበር። ትልልቅ መስታወቶች በእንጨት ድጋፍ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። የመቁረጫውን ጥርስ ዘይት አስነክቶ፣ ማስመሪያውን ተከትሎ ጭርርር አደረገና መስታወቱን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀጭ አደረገው። ቀና ሲል አያት። ፊቱ በራ።

«ወይኔ! ሜትሮ አሳየሽ አይደል? ለነገ ላስደንቅሽ ነበር እኮ!»

«ደነቀኝ።»

«ተቆጣሽ?»

«መሐላዬን ነግሬህ አልነበር?»

«ነግረሽኛል። ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።» መስታወት ቆርጦት በጨርቅ የተጠቀለለ ጣቱን እያሻሸ ቀረባት። «የማልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልማልኩም። ኃጢአቱም በእኔ ይሁን፤ እሳቸው ይዳኑ እንጂ!»

የዚህ ልጅ ክፋቱ ክፋት የሌለው መሆኑ ነው። ደርሳ ልትቆጣው ስትል ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይናገርና እጇን ያስረዋል።

«ማን ነው ያሰበው?» አለችው።

«እማዬ! እማዬ ራሷ!» ደስታው አፉን አሰፋው። «ስለ አንቺ ነገርኳት። ሁሉንም። ስጠብቅ የነበረው ጩኸት ነው፤ አንዲት ቃል አልተቆጣችም። ‘አባቷ ታመዋል?’ አለች፤ ከዚያ አለቀሰች። ‘እኛ ነን የምናሳክማቸው’ አለችኝ። ከወደድኩሽ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ነጋዴዎቹን ሁሉ ጠርታለች። አብዛኛውን የምትከፍለው እሷ ናት፤ የጎደለውን እነሱ ይሞላሉ።»

«እኔስ ምን አደርጋለሁ?»

«መድረክ ላይ ትወጫለሽ። እማዬ ታስረክብሻለች። እቅፍ ታደርግሻለች። አለቀ!»

«አለቀ» አለች እሷም። ሰምታው ሳይሆን ገብቷት። «እነዚያ ነጋዴዎች ሠርጋችን ላይም ይጠራሉ?»

«እንዴታ! የእማዬ ጓደኞች አይደሉ?»

«እና ቬሎ ለብሼ ስገባ ምን ይባባላሉ?»

«ታምራለች ነዋ።»

«‘ይቺ ያቺ የረዳናት ልጅ አይደለችም እንዴ’ ነው የሚባባሉት። ‘አባቷን ብናሳክምላት ልጁን ወሰደች’ ነው የሚሉት። እናትህስ ምን ትላለች?»

«እማዬማ ምንም አትልም!»

«ምንም እንዳትል ነው እኮ ይሄን ሁሉ የደከመችው።»

መቁረጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«‘አይሆንም’ ብትልህ ምን ታደርግ ነበር?» አለችው፤ ድምጿ ሳይጮህ። «ከእኔ ጋር ትጠፋለህ። እሷም ታውቃለች፤ የወለደችህ ናት። ብልህ ሴት ናት። አንተን ‘ተዋት’ አላለችህም፤ እኔን ‘ገንዘቡን ውሰጂ’ አለችኝ። በሕዝብ ፊት እጄን ከዘረጋሁላት በኋላ፣ በዚያው እጅ ቀለበት ላድርግ ብል አንተ ራስህ ታፍርብኛለህ። ዛሬ አይደለም። በሦስተኛው ዓመት፣ ስንጣላ።»

«እኔ?! እኔ እንዲህ የምል ይመስልሻል?»

«አትልም። ፊትህ ላይ ግን ይታያል። አባቴ የሰየመህን ረሳኸው?»

ልጁ እናቱን በዓይነ ኅሊናው ከፊት ለፊቱ አቁሞ ያን እንባዋን እንደገና የሚያየው ይመስል ነበር፤ በእንባው ውስጥም ሌላ ነገር ሲያይ ፊቱ ጥቂት በጥቂት ሲጨልም ልጅቱ ተመለከተች። ጥላ ማሳረፍ ሥራዋ ነው፤ ይህን ያህል ግን አጥቁራ አታውቅም።

«ልሰርዘው» አለና ስልኩን አወጣ። «አሁን እደውልላታለሁ። ‘አንፈልግም’ እላታለሁ። መኪናዬን እሸጣለሁ። የራሳችንን ሥራ እናቋቁም፣ እንበደር፣ እንጥፋ!»

«አባቴን በየት በኩል ይዘን ነው የምንጠፋው? ማሽኑንስ ማን ይሸከማል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?! ንገሪኛ!»

አውራ ጣቱ የእናቱ ስም ላይ ነበር። ቢነካው ያበቃል፤ አዳራሹም፣ ባነሩም፣ ውርደቱም። እሷ ደግሞ ቤት ሄዳ ያበጡ እግሮችን ታሻለች፤ አንድ ቀን አባቷ አይነቃም፤ ከዚያ በኋላ ይህ ልጅ ከሥራ በገባ ቁጥር «ስለ አንተ ስል ነው» የሚል ዓይን ይጠብቀዋል። በእንዲህ ያለ ዓይን ስንት ዓመት መተያየት ይቻላል?

እጇን ስልኩ ላይ ጫነች።

«አትደውል።»

«የኔ ፍቅር…»

«ያለ አንተ መኖር እችላለሁ። እኖራለሁ አላልኩህም፤ እችላለሁ። እሱ ግን ያለ ኩላሊት አይችልም።»

«እኔስ? እኔ እንደምችል ጠየቅሽኝ?»

አልጠየቀችውም። ቢመልስላት መሄድ ያቅታታል። ዞር ስትል የቆሙት መስታወቶች ሁሉ እሱን አሳዩአት፤ አንዱ ጋ ከጎኑ፣ አንዱ ጋ ከጀርባው፣ አንዱ ጋ ፊት ለፊት ሲያለቅስ። የምትሸሽበት በኩል ጠፋት። በሩ ጋ ደርሳም ገና እያየችው ነበር፤ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ለይታ ባወቀች ኖሮ ተመልሳ ታቅፈው ነበር።

*

አባቷ አልጋው ላይ ተቀምጦ ውሃውን እያስታመመ ይጠጣ ነበር። ሐኪሙ መጥኖበታል፤ የቀኑ ሁሉ ድርሻ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ናት። ከንፈሩን ያረጥብና ክዳኗን መልሶ ይዘጋል፤ ነዳጅ እንደሚቆጥብ ሹፌር።

«አባዬ» አለችው፤ እግሩ ሥር ተቀምጣ። «መሐላዬን ላፈርስ ነው።»

አላቋረጣትም። አዳራሹን ነገረችው፤ ባነሩን ነገረችው፤ የሚመጡትን ሰዎች ነገረችው። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ቁጣውን ጠበቀች። እንዲያውም ተመኘችው። «በሞቴ አላደርገውም!» ቢል፣ ጠርሙሷን ግድግዳው ላይ ቢወረውር፣ ሁሉም ነገር ከእጇ ይወጣና ወደ መስታወት ቤቱ እየሮጠች ትመለሳለች። ተስፋ እንዲህ ዓይን አውጣ ነው፤ በአባት ኩራት ውስጥ እንኳ የራሱን ቀዳዳ ይፈልጋል።

«ጺሜን ልላጭ ወይስ ይቅር?» አለ አባቷ።

«ምን?»

«ማለቴ ለ… ለሥራው የቱ ይሻላል? አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

«ይቅር፣ አባዬ።»

«እኔም ይቅር ብያለሁ።» ጠርሙሷን በሁለት እጁ ይዞ ዝቅ አደረጋት። «ታዘብሽኝ አይደል? ያ ሁሉ ፉከራዬ የት ገባ? እኔ እንጃ እማ። ድሮ ሞት ያለ ጊዜው በር አንኳኩቶ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ በኩራት ‘ግባ’ እለዋለሁ ብዬ ነበር። ጥሩ ልብሴን ለብሼ። አሁን ግን ሌሊት ሌሊት የማስበው ምን መሰለሽ? አንድ ብርጭቆ ውሃ። ሙሉ ብርጭቆ። ሳልመጥን ግጥም አድርጌ። ለሱ ስል ባነሩንም ራሴ ተሸክሜ ብቆም አይደንቀኝም።»

ራሷን ጉልበቱ ላይ አደረገች። ፀጉሯን በደረቀ እጁ ዳበሳት።

«መስኮትስ? አለበት ነገሩ ውስጥ?»

«አለበት።»

«ጎሽ! ሰው ነው እሱ። ብዬሽ አልነበር?» ጥቂት ቆይቶ ጎንበስ አለና አያት። «አንቺ ግን ምነው ፊትሽ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አባዬ።»

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሥራውን ለሌላ ሰው ልትሰጥ ትችል ነበር፤ ሌላ ሰው ግን እንደ እሷ አያሳምምም፤ ባላሳመመ ቁጥር ደግሞ ይጎድላል። በመጀመሪያ ትከሻው ላይ ያለውን እጅ አጠፋች፤ ጣት በጣት። ከዚያ ሳቁን ዘጋችው። ከዓይኖቹ ሥር ጥላ አሳረፈች፤ ጉንጮቹን አጎደጎደች፤ ገና ያልመጣበትን ሞት ቀለም በቀለም አመጣችበት። ሜትሮ ከጀርባዋ ቆሞ ሲያይ ቆየና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«አቤት እጅ! ይባረክ! ይሄ ሰውዬ እኮ ዛሬን የሚያድር አይመስልም!»

ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ቧንቧውን ከፍታ ውሃው ሲፈስ ሰማችው፤ ያለ ልክ፣ ያለ ጠጪ። ለማልቀስ እንኳ ድምፅ መሸፈን እንዳለባት ስታስብ እንባዋ እምቢ አላት።

*

በዚያው ምሽት አዳራሹ ጢም ብሏል። ባነሩ ከመድረኩ ጀርባ ተሰቅሎ፣ አባቷ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እንግዳው ሁሉ አንዴ ባነሩን አንዴ ሰውየውን ያያል። ሰውየው ከባነሩ መሻሉ ያላስደሰታቸው ነበሩ። «ተሽሎታል እንዴ?» ስትል አንዲት ሴት ተሰማች፤ እንደተሸወደ ገዢ። አባቷ ይህን ሲሰማ ትከሻውን ጣል አድርጎ ትንሽ ሳለላቸው። ጨዋ ሰው ነው፤ ገንዘባቸውን የሰጡ ሰዎችን ቅር ማሰኘት አይወድም።

መስኮት ከሁለተኛው ረድፍ ነበር። ከትናንት ወዲህ ያላነሣቻቸው ጥሪዎቹ ሁሉ ፊቱ ላይ ተደርድረዋል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሱ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፤ «አንዲት ቃል በይኝና ተነሥቼ ልጩህ» እንደማለት። እሷ ዓይኗን መለሰች።

ስሟ ተጠራ። ወጣች። የመስኮት እናት ልጅቱ ራሷ ያተመችውን የሰው ቁመት የሚያህል የካርቶን ቼክ አስጨበጠቻትና ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች።

«እኔን እግዜር ወንድ ልጅ እንጂ ሴት አልሰጠኝም» አለች፤ ድምፅዋ በትክክለኛው ቦታ ላይ ተሰበረ። «ዛሬ ግን ሰጠኝ። ከእንግዲህ ይቺ ልጄ ናት! ለልጄም እህት አገኘሁለት!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እናትየው አቀፈቻት። ሽቶዋ ለስላሳ ነበር፤ ክንዷም እውነተኛ ሙቀት ነበረው፤ ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር። ድምፅ ማጉያውን ወደ ጎን አድርጋ ጆሮዋ ላይ፣ «እንደሚገባሽ አውቄ ነበር» አለቻት። «አስተዋይ ነሽ። ልጄም እንደ አንቺ ቢያስተውል ኖሮ!»

«እንዳያስተውል አድርገው አሳድገውታል» አለች ልጅቱ፤ እሷም ለጆሮ ብቻ። «እኔም የወደድኩት ይህንኑ ነበር። አባቴን ስላሳከሙልኝ ግን እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ከልቤ ነው።»

ከልቧም ነበር። መራራው ይሄ ነው።

ቀና ስትል ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል። መስኮት ብቻ ተቀምጧል። ጎረቤቱ ክርኑን ነካ ሲያደርገው ተነሣ። እጆቹን አየ፤ የማን እንደሆኑ ያልገባው ይመስል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ አጨበጨበ፣ ሌላም ጊዜ። የተጠቀለለች ጣቱ ሌላዋን መዳፍ ስትመታ የሚወጣው ድምፅ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ሊሰማ አይችልም። ለእሷ ግን ከሁሉም በላይ ተሰማት።

ሲመለሱ አባቷ ታክሲው ውስጥ ትከሻዋ ላይ ተደግፎ ነበር። ደክሞታል፤ ፊቱ ግን ከተወለደች ጀምሮ እንደዚህ ፈክቶ አይታው አታውቅም። 

«ደግ ሴት ናት» አለ፤ በታክሲው መስታወት ወደ ውጭ እያየ። «እህትና ወንድም ማለቷ ብቻ ትንሽ ቅር አሰኘኝ። እኔ ለሌላ ነገር ነበር ያሰብኳችሁ። ነገሩ የልጅቱ አባት አይጠይቅም፤ ግን ግዴለም። ልዳን ብቻ፤ ቤቷ ድረስ በእግሬ ሄጄ ልጅሽን ለልጄ ስጪኝ እላታለሁ። ይሄን ያደረገች ሴት ያንን እምቢ አትለኝም። ትለኛለች እንዴ?»

«አትልህም፣ አባዬ» አለችው። «አንተ ብቻ ዳንልኝ።»